ልጁን ማን ይቀፈው

«እናትህ ልጁን አያቅፉም» አለች ሲስተር። «ሳላቸው ሙልጭ ብሎ እስኪጠፋ ድረስ ማቀፍ ቀርቶ በክፍሉ ደጃፍ አያልፉም።»

እማማ ጠጋበሉ ይህን የሰሙት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲ ሊያጠልቁ ጎንበስ እንዳሉ ነው። አንዱ እግራቸው ለብሶ ሌላው ባዶውን እንደቀረ ጆሯቸውን ወደ በሩ ጣል አደረጉ። የዚህ ሕንፃ ግድግዳ ከካርቶን አይሻልም፤ ጎረቤት ሲያዛጋ እንኳ ይሰማል። ልጃቸው ምን ይመልስላት ይሆን ብለው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ። ልጃቸው የሊፍት ጠጋኝ ነው። አሥረኛ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚያፏጭ ወንድ፣ አማቱ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል። «እሺ» አላት። በቃ፣ እሺ! ዘጠኝ ወር ተሸክመው የወለዱት፣ ከአፋቸው ነጥቀው ያጎረሱት ልጅ እናቱን በአንዲት እሺ አሳልፎ ሰጣቸው። ደማቸው ፈላ።

ልጁ የሚባለው የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ከትናንት ወዲያ ተወለደ፤ ዛሬ ከምሳ በኋላ ከእናቱ ጋር ወደ ቤት ይመጣል። እማማ ጠጋበሉ እስካሁን ያዩት በልጃቸው ስልክ ብቻ ነው። ያም ቢሆን አባትየው ተጣድፎ ያነሳው ፎቶ ስለሆነ ከብርድ ልብሱ በቀር የሚለይ ነገር የለውም። ድሮ ድሮ «የልጅ ልጄን አቅፌ ልሙት» ይሉ ነበር። አሁን መሞቱን ትተውታል፣ ማቀፉን ብቻ ነው የሚፈልጉት። ምራታቸው ካረገዘች ጀምሮ ክንዳቸው ባዶውን ሲውል ይታወቃቸው ጀመር፤ ትራስ ሲያነሱ እንኳ ሳያስቡት እንደ ሕፃን ያዝ አድርገው ወዝወዝ ሲያደርጉ ራሳቸውን ይይዙታል።

ጠጋበሉ፣ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ነው። «ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ» ሲሉ ኖረው ስማቸው እሱው ሆኖ ቀረ። ሲስተር ደግሞ የምራታቸው እናት ናት፤ በስምንት ዓመት ታንሳቸዋለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ያረጀች ነርስ ናት፣ ከሆስፒታል ብትወጣም ሆስፒታሉ ከእሷ አልወጣም። ሻንጣዋን ይዛ የመጣችው አራስ ልጇን ልትጠብቅ ነበር። ልጇ ሳትወልድ ግን ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣው ጉንፋን ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ አዳርሶ እማማ ጠጋበሉ ላይ ሲደርስ ጠንቶ ያዛቸው። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ወደ እህቱ ቤት አሸሸ፣ ሲስተርም ሻንጣዋን ሳትፈታ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። ቤቱን ዋርድ አደረገችው። የእሳቸው ብርጭቆ ለብቻ፣ ሳህናቸው ለብቻ፣ መስኮቱ ጠዋት ማታ ወለል፣ የበር እጀታው በሳሙና ውሃ ውልውል። ትኩሳቱ በጋለባቸው ሌሊቶች ራስጌያቸው ተቀምጣ ግንባራቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ ስትቀያይር አደረች። ታስታምም እንጂ አታባብልም። «ይጠጡ። ይዙሩ። በረጅሙ ይተንፍሱ።» እማማ ጠጋበሉ ሊያመሰግኗት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሙቀት መለኪያ ትሸጉጥባቸዋለች። እናም ምስጋናው ሆዳቸው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ጥቂት ቀን አለፈና ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ ጉሮሯቸውን የምትኮረኩር አንዲት ሳል ብቻ ቀረች። ዛሬ በዚህች ሳል ነው ሲስተር የከሰሰቻቸው።

ባንድ እግር ካልሲ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ክርክሩ ረጅም ነበር፣ የሁሉንም መዘርዘር ምን ያደርጋል። እሳቸው አውቶቡስ ላይ የለመዱትን ድምፅ አወጡ፣ ሲስተር ዋርድ ውስጥ የለመደችውን ዝምታ አመጣች፣ ልጅየው መሐል ቆሞ አንዴ ወደ እናቱ አንዴ ወደ አማቱ እያየ የመኪና ቁልፉን ያሽከረክራል። መጨረሻ ላይ ሲስተር ለቀቅ አለች። እኩለ ቀን ላይ ሙቀታቸው ይለካል። ከአሁን ጀምሮ ልጁ እስኪመጣ ድረስ አንዲት ሳል ካልሰማች፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ማስክ አድርገው፣ ለጥቂት ደቂቃ ያቅፉታል። አንዲት ሳል ከሰማች ግን ቀረ። «ተስማምቻለሁ» አሉ እማማ ጠጋበሉ፣ እዚያው ቆመው ጉሮሯቸውን የበላቸውን በምራቅ እየዋጡ። ልጃቸው እፎይ ብሎ ሚስቱንና ልጁን ሊያመጣ ደረጃውን ወረደ። ደረጃ ማለቴ፣ የከተማውን ሊፍት ሁሉ የሚጠግነው ሰውዬ የራሱ ሕንፃ ሊፍት ከቆመ ከርሟል፤ የሕንፃው ኮሚቴ መለዋወጫ አልገዛም ብሎ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ፣ ሥራውም ተጀመረ። ሲስተር የሕፃኑን ልብስ በፈላ ውሃ አጥባ ትተኩሳለች፤ እማማ ጠጋበሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተተኮሰውን ያጥፋሉ። ቁምጣዎቹ ከመዳፋቸው አይበልጡም። «ይሄ ለማን ነው፣ ለአሻንጉሊት?» አሉ። ሲስተር አልሳቀችም። አልጋው ከመስኮቱ ፈቀቅ ተደረገ፣ መጋረጃው ወረደ ታጠበ ተሰቀለ፣ በሩ አጠገብ ሳሙናና ማስክ የተቀመጠበት ትንሽ ጠረጴዛ ቆመ፣ ለሚመጣ ሁሉ። ሎሚ ሊገዙ ባለሱቁ ዘንድ ደወሉና ዋጋውን ሲሰሙ እማማ ጠጋበሉ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። ጉንፋን ሲገባ የሎሚ ዋጋ አብሮ ያተኩሳል። «ለእኔ ሳይሆን ለልጁ እናት ነው» ቢሉትም ባለሱቁ አልራራም። ሲስተር በእሷ ሒሳብ እንዲያመጣ ነገረችውና ወሬው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ወደየሥራቸው ተመለሱ፤ የሚሰማው የካውያው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ሳል ደግሞ አትምጪ ሲሏት የምትመጣ ጉደኛ ናት። እማማ ጠጋበሉ ማር በሙቅ ውሃ ፉት ይላሉ፣ ትቆማለች፤ ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ትመለሳለች። አንዴ ወደ ክፍላቸው ሮጠው ገብተው ትራስ ውስጥ ሳሏት። አንዴ መስኮት የከፈቱ መስለው አንገታቸውን አውጥተው ለጎዳናው ሳሉለት፣ ከታች የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ አያቸው። ቆይተው ሌላ ዘዴ አገኙ፦ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ለቀቅ ማድረግ። ውሃው ሲንሿሿ ማን ይሰማል። በልባቸው ራሳቸውን አደነቁ። ስንቱን አውቶቡስ ላይ ያለ ትኬት የሚሄድ አጭበርባሪ ሲይዙ ኖረው፣ ዛሬ እሳቸው አጭበርባሪ ሆነው ሲያዩት ሥራው ጣፋጭ ነበር።

አጭበርባሪ ያልኩት ካለ ነገር አይደለም። እማማ ጠጋበሉ ትኬት የሌለውን ሰው ገና በሩ ላይ እግሩን ሲያነሳ ያውቁት ነበር። ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ የተኛ ይመስላል፣ አንዱ መስኮት መስኮቱን ያያል፣ አንዱ ደግሞ ሲጠሩት ቦርሳው ውስጥ የጠፋ ነገር ይፈልጋል። እኩለ ቀን ሲሆን ሲስተር ሙቀታቸውን ለካች፤ ትኩሳት የለም፣ ንጹሕ። እማማ ጠጋበሉ ደስ ብሏቸው «እስቲ እርስዎም ይለኩ» አሏት፣ ለጨዋታ ያህል። ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞረች። «ጠዋት ለክቻለሁ» አለችና ቦርሳዋን ከፍታ መፈለግ ጀመረች፤ ምን እንደምትፈልግ ግን አልታወቀም። ያን ጊዜ ያ የድሮ ዓይናቸው ብልጭ አለ። ብቻቸውን ባሉበት ቤት ሲስተር ማስኳን ከጠዋት ጀምሮ አላወለቀችም። ያፈሉላት ሻይ ፊት ለፊቷ ቀዝቅዟል። ደግሞስ የትኛዋ እናት ናት አራስ ልጇን ከሆስፒታል ለማምጣት አልሄድም ብላ ቁምጣ ስትተኩስ የምትውል? ጠዋት «ቤቱ አልተሰናዳም» ስትል አምነዋት ነበር። አሁን ግን ነገሩ አልጥም አላቸው።

ብዙም አልቆየ፣ የእሳቸው ሳል መጣችባቸውና ወደ መታጠቢያ ቤቱ ፈጠን አሉ። ተዘግቷል። ውሃው ይንሿሿል። ከውሃው ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ ከሆድ የሚመነጭ፣ ደረቅ፣ ማቆሚያ የሌለው ሳል። እማማ ጠጋበሉ ያንን ሳል ያውቁታል፣ ሰሞኑን የራሳቸው ነበር። አዲስ ዘዴ አገኘሁ ሲሉ ለካ ዘዴው መጀመሪያም የሲስተር ኖሯል። እሰይ! ደስታቸውን ምን ልበላችሁ፣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት እርምጃ ጨፈሩ። ልጃቸው ሲመጣ በሩ ላይ የሚናገሩትን እዚያው አሰናዱት፦ ልጄ፣ እኔ ሙቀቴ ተለክቷል፣ አማትህን ግን ጠይቅልኝ። የሲስተር ፊት እንዴት እንደሚሆን እያሰቡ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ራስጌው ላይ ያ ወንበር አለ። ሌሊቱን ተቀምጣ ያደረችበት፣ ጨርቅ ስትጨምቅ የእርጥብ እጇ ጠብታ ያረፈበት። ይሄ ጉንፋን ከየት ያዛት? ከሱቅ አልገዛችውም። ከማን እንደያዛት ሲገባቸው ጭፈራው ከእግራቸው ወጣ፣ አፈሩ።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ ስትወጣ ጠበቋትና በቀስታ «ሲስተር፣ አሞዎታል እንዴ?» አሏት። «አቧራ ነው» አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከማስኩ በላይ ያለው ፊቷ ፍም መስሏል። «መጋረጃው ሲወርድ የተነሳው አቧራ ነው፣ አሁን ይለቀኛል።» መጋረጃው ሲወርድ እማማ ጠጋበሉ አብረው ነበሩ፤ አቧራ አልነበረውም። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ከታች ጡሩምባ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት። መጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሆነው የአራስ ሴት እግር አራት ፎቅ እስኪወጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሲስተር በማስኩ ላይ ሌላ ማስክ ደረበች፣ እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ ቀሚሷን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። እማማ ጠጋበሉ ኋላዋ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ይታያቸዋል፦ ያቺ ሴት በሩን ከከፈተች ልጁን ትቀበላለች። ሳይንስ ብታውቅም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትከለክል ብትኖርም፣ ዛሬ እጇ አይታዘዛትም። ቢናገሩባት ደግሞ ልጅቷ ገና ስፌቷ ሳይደርቅ፣ ደረጃ ላይ ቆማ፣ እናቷ ስትዋረድ ታያለች። ዝም ካሉ ሕፃኑ ይታመማል። ከተናገሩ ሲስተር ትሰበራለች። ሦስተኛ መንገድ ቢኖር ዋጋው የራሳቸው ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳል በትራስ እያፈኑ የገዙት ያ ጥቂት ደቂቃ። የልጃቸው ድምፅ ሁለተኛው ፎቅ ላይ «ቀስ፣ ቀስ በይ» ይላል። እማማ ጠጋበሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ወይኔ» አሉ በሆዳቸው፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ለቀቁት።

«ሲስተር፣ ያዙኝ… ዞረብኝ።»

ነርስ ነርስ ናት። እጇ መዝጊያው ላይ ደርሶ ነበር፣ ጥላው ሮጠች። ብብታቸው ሥር ገብታ እየጎተተች ወደ ክፍላቸው አስገባቻቸው፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ገልብጠው ሰውነታቸውን የጤፍ ጆንያ ያህል አከበዱት። እግራቸው ከበሩ እንዳለፈ ግን ተረከዛቸው በሩን መልሶ ዘጋው፣ እጃቸው ቁልፉን አዞረው፣ ቁልፉም ድሮ የትኬቱን ገንዘብ ይሸሽጉበት ወደነበረው ወደ ደረታቸው ገባ። የደጁ በር ሲከፈትና የሚንሾካሾክ ድምፅ ሲገባ እማማ ጠጋበሉ ሕንፃውን በሚያነቃ ድምፅ ጮኹ፦ «ልጄ! ትኩሳቴ ተመልሷል! ሲስተር እኔን እያስታመመች ነው፣ ከእኔ ጋር ተነካክታለች፣ ማናችንም አንወጣም! ልጁን ወደዚህ እንዳታመጡት!» ከዚያ አንድ ሁለት ጊዜ አሳምረው ሳሉ። ለዚህ ለዚህ ሳሏ ታዛዥ ናት።

ሲስተር ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ታያቸዋለች። የነርስ ዓይን ነው፣ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም።

«ትኩሳት የለዎትም» አለች በሹክሹክታ።

«የለኝም። አንቺ ግን አለሽ። ነይ ተኚ።»

ሲስተር አልጋው ላይ ወደቀች ማለት ይቀላል። የያዘችውን ሳል ሁሉ አሁን ለቀቀችው፣ እማማ ጠጋበሉም ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ጨርቅ አረጠቡ፣ ውሃ ቀዱ። «ጠጪ። ዙሪ። በረጅሙ ተንፍሺ» አሏት፣ ቃል በቃል። ሲስተር ከማስኩ በታች ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ቆሞ ለቅሶ መጣ። ትናንት ማታ እንደጀመራት ነገረቻቸው፤ ድካም ነው ብላ ራሷን እንዳሞኘች፣ ከሩቁ ብቻ አየዋለሁ ብላ እንደማለች። «ግን በሩ ጋ ስደርስ አላወቅሁም፣ እጄ ተዘርግቶ ነበር» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ተቀብዬ ሳስረክብ ኖሬ፣ የራሴ ሲመጣ በር ተዘግቶብኝ ልቀር ነው ብዬ…» እማማ ጠጋበሉ ጨርቁን ግንባሯ ላይ እየለጠፉ «በእኔስ ላይ ልትዘጊብኝ አልነበር?» አሏት። ሲስተር እጃቸውን ያዝ አደረገች። ሆዳቸው ውስጥ የከረመው ምስጋናም መውጫ አገኘ። ስለ እነዚያ ሌሊቶች አመሰገኗት፤ በዚህ ጊዜ ሙቀት መለኪያው በእሳቸው እጅ ነበር።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ሕፃኑ አለቀሰ። ሁለቱም ቀጥ አሉ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ማንንም የማይለምን ድምፅ ነበር። «ተርቦ ነው» አለች ሲስተር፣ ግን ድምፅዋ ተዘግቶ ከአልጋው አያልፍም። እሷ ስትንሾካሾክ እማማ ጠጋበሉ ወደ ግድግዳው እየዞሩ ያስተላልፉ ጀመር። «ራሱን ደግፊው! አፉን ሰፋ አድርጎ ይያዝ! ጠጋ አድርጊው፣ ወደ ውስጥ ጠጋ!» ከማዶ ልጃቸው «እሺ እማ» ይላል፤ ምራታቸው ትስቃለች፤ ሕፃኑ ዝም አለ። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ፍርስ አሉ። ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት መታ፣ እሱም አላስቆማቸውም።

ሳቁ ሲበርድ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ምራታቸው ናት። ባሏ ሐኪም ሊጠራ ስልክ ይዞ እንደቆመ ተናገረች፣ እማማ ትኩሳትዎ ስንት ሆነ አለች። እማማ ጠጋበሉ ብዙ ነው፣ ግን ሐኪም አያስፈልግም፣ ሲስተር ካለች ምን እሆናለሁ፣ ሂጂ ተኚ አሉ፣ እየሳሉ። ውሸቱን እስከ መጨረሻው ሊሸከሙት ወስነዋል። ሲስተር ግን በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። እማማ ጠጋበሉ በእጃቸው ተኚ ተኚ አሏት። እሷ ማስኳን አስተካከለች፣ ያላትን ድምፅ ሁሉ አጠራቀመች።

«ልጄ፣ እሳቸው ምንም አልሆኑም። የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ደብቄሽ ነበር። ይውጡና ልጁን ይቀፉ።»

ከበሩ ማዶ ልጅቷ «አውቄያለሁ እማዬ» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «የአንቺን ሳል እኔ አጥቼው ነው?»

ሲስተር ከአልጋዋ ሆና ትእዛዝ መስጠት ቀጠለች፤ ታማም አትሻልም። ልብሳቸውን እንዲቀይሩ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው እንዲታጠቡ፣ አዲስ ማስክ እንዲያደርጉ፣ የኮሪደሩ መስኮት እንዲከፈት፣ ከጥቂት ደቂቃ እንዳያስበልጡ። እማማ ጠጋበሉ ቁልፉን ከደረታቸው አውጥተው በሩን ከፈቱ፣ እንደ ወታደርም ሁሉንም ፈጸሙ። በኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ መስኮቱ ሥር ቆሙ፤ ምራታቸው መጥታ ልጁን ክንዳቸው ላይ አኖረችላቸው። አፈር ስሆን፣ እንዴት ይሞቃል! ከዳቦ አይከብድም፤ እንደ ትራሱ ሳያስቡት ወዝወዝ አደረጉት። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው ፊቱን ሊያዩ አንገታቸውን ሲደፉ፣ ከኮሪደሩ ዳር፣ ከተከፈተው በር ውስጥ፣ ያቺ የተዘጋች ድምፅ መጣች። «አይታየኝም» አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም።

እማማ ጠጋበሉ ቀና አሉ። ልጁን ቀስ አድርገው አዞሩት፣ ራሱን በመዳፋቸው ደግፈው ፊቱን ወደ ሲስተር አቀኑላት። ለእሳቸው የደረሳቸው ማጅራቱና እንደ ጥጥ የሳሳች ፀጉሩ ብቻ ነበር።

«አየሽው?»

«አየሁት» አለች ሲስተር። «ትንሽ ይቆዩልኝ።»

ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ እንደዚያው ይዘውላት ቆሙ።